መንግሥት የጠጣው ወተት

ባለሱቁ እንግዳ መንግሥትን መርገም የጀመረው በእማማ እናትነሽ ወተት ምክንያት ነው።

ቴክሳስ፣ ሪቻርድሰን ከተማ ውስጥ፣ በጥፍር ማሳመሪያና በሞባይል መጠገኛ መሀል የተሰነቀረች አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ በላስቲክ የታሸገ እንጀራ፣ የዱቄት ወተት ይሸጣል። እማማ እናትነሽ ከሱቁ ጀርባ ካለው የአረጋውያን አፓርታማ ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በእግራቸው ይመጣሉ። በመሐረብ የቋጠሯትን አንዲት ሃያ ዶላር ይዘው መደርደሪያውን ይዞራሉ፤ ዋጋውን በቃላቸው እየደመሩ ልክ ሃያ ሊሞላ ሲል ቆም ይላሉ። ድምራቸው ተሳስቶ አያውቅም። ካሽ ሬጅስተሩ ግን ስምንት ከሩብ ፐርሰንት የሽያጭ ታክሱን ይጨምርና ሃያ አንድ ከምናምን ብሎ ቁጭ ይላል። ያኔ እማማ እናትነሽ መጨረሻ ላይ ያስቀመጡትን የወተት ቆርቆሮ ያነሱና ራሳቸው ወደ ቦታው ይመልሱታል።

«ይኸው! ዛሬም መንግሥት ወተቴን ጠጣብኝ» ይላሉ።

ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስቃል። ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው እንግዳ ነው። «ይውሰዱት እማማ፣ ግድ የለም» ሲላቸው አሻፈረኝ ይላሉ። «አንተም ልጅ ታስተምራለህ። የመንግሥትን ዕዳ አንተ ላይ አልጭንም።» ታክሱን ቀድመው አስበው አንድ ዕቃ መቀነስ አቅቷቸው እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ይነሳል ብለው፣ በእምነት ነው የሚመጡት። የተነሳ ዕለት ወተቱ እጃቸው ላይ እንዲገኝ ይፈልጋሉ።

ቤንዚን ጋሎኑ አራት ዶላር የገባበት የ2008 ሰመር ደረሰ። ሩዙም ተከትሎ ሽቅብ ወጣ። አንድ ቅዳሜ እማማ እናትነሽ ከወተቱ ሌላ ምስሩንም መለሱ፤ ቀልዱንም አልቀለዱትም። ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ወጡ። የእንግዳ ደም ፈላ። «በቃ! አሁንስ በዛ!» ብሎ ባንኮኒውን በጡጫ መታው።

ማመልከቻውን ራሱ ነው ያረቀቀው፦ «በምግብ ላይ የምንከፍለው የሽያጭ ታክስ ለጊዜው ሳይሆን ለዘለቄታው ይነሳልን።» «ለጊዜው ሳይሆን» የምትለዋን ያስገባት በብልጠት ነው። ኦገስት ላይ ትምህርት ሊከፈት ሲል መንግሥት ለሦስት ቀን ከልብስ ላይ ታክስ እንደሚያነሳ ያውቃል፤ እንዲህ ባለ ነገር መደለል አልፈለገም። «ለልብስ ሦስት ቀን ከተነሳ፣ ለሆድ ለዘለዓለም ይነሳ!» የሚል መፈክርም አወጣ። መፈክሯ ተወደደች፣ በየቤቱ ተደገመች።

ከዚያ ወዲያ እንግዳን የሚይዘው ጠፋ። ፕሌኖ ከተማ ሠርግ ተጠርቶ ሄዶ ሙሽራውን ኬክ ሳይቆርስ አስፈረመው። ዋይሊ ከተማ አዲስ ቤት የገዙ ሰዎችን እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ገብቶ፣ ጫማውን እንኳን በቅጡ ሳያወልቅ ወረቀቱን ዘረጋ። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ ታክሲ ነጂዎችን በየመስኮታቸው እየዞረ ለመነ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ! ሰው ሁሉ «ለሕዝብ የሚያስብ ነጋዴ ይኸውላችሁ» አለ። እሱም ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ነበር፤ ደስታውንም መደበቅ አይችልበትም። የቤተ ክርስቲያናቸው አገልጋይ ፓስተር ምናሴ ሳይቀሩ ጉዳዩን የራሳቸው አደረጉትና የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አወጁ። እማማ እናትነሽ በሰባ አራት ዓመታቸው ሦስቱንም ቀን ውሃ ብቻ ቀምሰው ጾሙ።

ጾሙ ረቡዕ ተፈታ። ሐሙስ ጠዋት ልጁ ሔራን ሱቅ መጣች። እዚያው ሪቻርድሰን ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት፤ ማመልከቻውን ወደ እንግሊዝኛ ገልብጣ ለአካባቢው የስቴት ምክር ቤት ተመራጭ እንድትልክለት አደራ ሰጥቷት ነበር።

«ዳዲ፣ ሶ... ቁጭ በል እስኪ» አለችው።

«ምነው? አንቀበልም አሉ?»

«ኖ። ኦፊሳቸው ኮል አደረግኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ሳቀች። ማለቴ፣ በክፉ አይደለም። ቴክሳስ ግሮሰሪ ላይ ታክስ የለም አለችኝ።»

«እንዴት የለም? ስድስት ዓመት ሙሉ ለስቴቱ ስከፍል!»

«ሶዳ ላይ አለ። ከረሜላ ላይ አለ። ሽሮ ላይ የለም፣ ምስር ላይ የለም፣ ወተት ላይ የለም። ዌብሳይታቸው ላይ ራሴ አነበብኩት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንተ ነህ የምታስከፍለው ዳዲ።»

እንግዳ ተቆጣ። ምን ታውቂያለሽ አላት፣ የማን ልጅ ነሽ አላት። እሷ ከቦርሳዋ የትልቁን ሱፐርማርኬት ደረሰኝ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችለት። ሩዝ አለ፣ ወተት አለ፣ እንቁላል አለ፣ ሳሙና አለ። ታክሱ የወደቀው ሳሙናው ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ደረሰኝ በየሳምንቱ ኪሱ ገብቶ ይወጣል። እሱም ሆነ እነዚያ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ታክስ የሚለውን መስመር አይተው «አይ ይሄ መንግሥት!» ብለው ከማለፍ በቀር፣ የቱ ላይ ነው ብለው አያውቁም።

ካሽ ሬጅስተሩን የገዛው ቢራና ሲጋራ ሲሸጥ ከርሞ ከከሰረ ሰው ነው። ሰውየው ሲያስረክበው «ሁሉም ተሞልቷል፣ ምንም እንዳትነካካ» አለው። እንግዳም ምንም አልነካካም። ማሽኑ ሽሮውን ቢራ እያለ ስድስት ዓመት ኖረ። የተሰበሰበውን እንግዳ በየሦስት ወሩ ለስቴቱ ሲልክ ነው የኖረው፤ አንዲት ሳንቲም ኪሱ አልገባችም። ይህንን ለሔራን ሦስት ጊዜ ነገራት። እሷም ሦስቱንም ጊዜ «አውቃለሁ ዳዲ» አለችው።

ያልነገራት አንድ ነገር ግን ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ፈረንጅ ሩዝና ምስር ገዝታ፣ ደረሰኙን አየችና ምግብ ላይ ታክስ አይከፈልም አለችው። ማሽኑ ነው አላት። ሴትየዋ እጇን ባንኮኒው ላይ አድርጋ ቆመች፤ አልጮኸችም፣ አልሄደችም። እንግዳ ፈራ። እንዲህ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰዎች ስልክ የሚደውሉበት ቦታ አያጡም። ሳንቲሟን ከመሳቢያው አውጥቶ መለሰላትና «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» ብሎ በፈገግታ ሸኛት። ነገ እጠይቃለሁ ብሎ አሰበ። በማግስቱ ጤፍ የጫነ መኪና መጣ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ጣጣ መጣ፣ ከዚያ ረሳው። ረሳው ልበላችሁ እንጂ፣ ደህና አድርጎ ነው የቀበረው። አሁን የልጁን ዓይን እያየ፣ ያቺ ሴት እጇን ባንኮኒው ላይ እንዳደረገች ድቅን አለችበት።

ሔራን የማሽኑን መመሪያ ከኢንተርኔት አውርዳ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አስተካከለች። ስድስት መቶ ሰው የፈረመበት፣ ሦስት ቀን የተጾመበት ታክስ በሃያ ደቂቃ ተነሳ።

«ኦኬ» አለች። «አሁን ለሰዎቹ ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«ዳዲ...»

«እነግራቸዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

ዓርብን እንዲሁ ዋለ። ደንበኛ በገባ ቁጥር ሊናገር አፉን ይከፍትና «ሌላስ ምን ልስጥህ?» ብሎ ይዘጋዋል። ሌባ የምትለዋ ቃል ናት መጀመሪያ ያስፈራችው። ባንኮኒ ላይ ቆሞ ሌባ መባል አንድ ነገር ነው፤ በሠርግና በለቅሶ እየዞረ ፊርማ የለቀመ ሰው፣ ራሱ ባመጣው ታክስ ላይ ሕዝብ አሰልፎ ተገኘ መባል ግን መሳቂያም መሳለቂያም መሆን ነው። ሌባ መባሉን ይመርጣል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እማማ እናትነሽ መጡ። እንደ ልማዳቸው መደርደሪያውን ዞሩ፣ እንደ ልማዳቸው ወተቱን መጨረሻ ላይ አስቀመጡ። እንግዳ ዕቃውን አንድ በአንድ መታ። ማሽኑ አሥራ ዘጠኝ ከዘጠና አራት ላይ ቆመ። የአሮጊቷ እጅ ወተቱን ሊመልስ ተዘረጋ።

«ይተዉት እማማ። ሂሳቡ በቅቷል።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ደረሰኙን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያም ታክስ የሚለውን ቦታ በጣታቸው ነኩት። ዜሮ ነው።

«ተነሳ?» አሉ።

እዚህ ጋ መናገር ይችል ነበር። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፣ አሮጊቷ ዓይን ዓይኑን እያዩት ነው፣ ጥያቄውም የአንድ ቃል ጥያቄ ነው።

«ከእንግዲህ የለም» አለ።

እማማ እናትነሽ በሽሮና በሩዝ መሀል መሬቱ ላይ ተንበረከኩ። እልልታቸው ግድግዳውን አልፎ የጥፍር ማሳመሪያውን ሴቶች አስወጣቸው። ሲነሱ እነግራቸዋለሁ አለ በልቡ። ሲነሱ ግን እጁን ይዘው ሳሙት፤ እናቱ የምትሆን ሴት፣ ያንኑ ማሽኑን ሲመታ የቆየበትን እጁን። ወተታቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ሲሄዱ በመስታወቱ እያየ ቆሞ ቀረ።

እሑድ በምስክርነት ሰዓት መጀመሪያ የተነሱት እሳቸው ናቸው። «ጾማችንን በፈታን በሦስተኛው ቀን!» ብለው ደረሰኙን ከፍ አድርገው አሳዩ። አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። ፓስተር ምናሴ «ወንድም እንግዳ ወደ ፊት ይምጣ» አሉ። ሄደ። ትከሻውን አቅፈው ይህ ማመልከቻ ለሂዩስተን ቤተ ክርስቲያናትም መላክ አለበት አሉ፤ የተጨነቀ ወገን እዚያም አለ። ማይኩን ሰጡት። እንግዳ የሚያውቃቸውን ፊቶች አየ፤ ሁሉም ይወዱታል።

«ክብር ለጌታ ይሁን» አለና ማይኩን መለሰ።

ከኋላው ረድፍ ሔራን ተነስታ ወጣች። ፕሮግራሙ አልቆ ሲመጣ መኪናው ውስጥ ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣ አገኛት። ትጮህብኛለች ብሎ የፈራውን ያህል አልጮኸችም።

«አማርኛዬ ጥሩ አይደለም ዳዲ» አለች፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። «ሶ፣ ምናልባት አልገባኝም ይሆናል። ግን ያ ውሸት ነበር።»

እንግዳ የዚያን ዕለት ምሳ አልበላም። አፍሯል፣ በጣም አፍሯል፤ ሀፍረቱን የሚያካፍለው ሰው ደግሞ አጣ።

ሰኞ ሱቁን ሳይከፍት፣ አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ወተት የያዘ ካርቶን ተሸክሞ የእማማ እናትነሽን በር አንኳኳ። ሲያዩት ፊታቸው በራ። «እንዴ፣ እንግዳዬ! ግባ፣ ግባ። ምን ተሸክመህ መጣህ ደግሞ?» ሻይ ሊያፈሉ ወደ ጋዙ ሲዞሩ «ይቀመጡልኝ እማማ» አላቸው። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ራሱ ቆሞ ቀረ።

«ታክሱ አልተነሳም» አለ።

«ኧረ! መልሰው ጣሉት?»

«መጀመሪያም አልነበረም። መንግሥት ምግብ ላይ ታክስ አይጥልም። የማስከፍላችሁ እኔ ነበርኩ። ማሽኑ ስገዛው እንደዚያ ተሞልቶ ነው፣ አላወቅኩም። ገንዘቡን ለስቴቱ ነው የምልከው፣ አንዲት ሳንቲም...»

እማማ እናትነሽ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ካርቶኑን አዩ።

«አላወቅህም?»

«አላወቅኩም።»

«የነገረህ ሰውም የለም?»

እዚህ ላይ «የለም» ቢል ነገሩ ያበቃ ነበር። ልጁ እንኳን የማታውቀውን እሳቸው ከየት ያውቁታል? ይቅር ይሉታል፣ ይመርቁታል፣ ሻይ ይቀዱለታል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መሐረቧን አየ፤ ለቅዳሜዋ ሃያ ዶላር ታጥባ፣ ታጥፋ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«አንዲት ሴት ነግራኝ ነበር» አለ። «ከሦስት ዓመት በፊት። ፈረንጅ ናት።»

«እና?»

«ገንዘቧን መለስኩላት።»

«ለእሷ።»

«አዎ እማማ።»

«ለእሷ መለስክላት» አሉ እንደገና፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። አልጮኹም። «እሷ ስትኮሳተርብህ መለስክ። እኔ ስስቅልህ ወሰድክ።»

ቢሰድቡት፣ ቢያባርሩት ይሻለው ነበር። እንግዳ ይህን ነገር እስከዛሬ ለራሱ እንዲህ ብሎ ነግሮ አያውቅም፤ አሁን ግን ሌላ ምንም ነገር ሊመስለው አልቻለም። ፈረንጇን ፈርቷታል። እማማ እናትነሽን አልፈራቸውም። ነገሩ ይኸው ነው።

አሮጊቷ ተነሱ። ውሃ ጣዱ። ከካርቶኑ አንድ ቆርቆሮ አውጥተው በማንኪያ ጫፍ ከፈቱት። ዱቄቱን በጥብጠው፣ ስኳር ጨምረው፣ አንድ ብርጭቆ ሞልተው ፊቱ አስቀመጡት። ለራሳቸው አልቀዱም።

«ሻይ አልፈልግም እማማ። ሱቁንም አልከፈትኩ...»

«ሻይ አይደለም። ወተት ነው። ጠጣ።»

«እማማ፣ እባክዎ።»

«እስከዛሬ የጠጣኸውን በመንግሥት ስም ጠጣኸው» አሉት። «ይሄንን በራስህ ስም ጠጣ።»

ተቀመጠ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። አንድ ጊዜ ዋጠ፤ እንደገና ዋጠ። እሳቸው ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ብርጭቆው እስኪጎድል ዓይናቸውን ከእሱ አላነሱም። ሲጨርስ ተቀበሉትና አጠቡት።

«እሑድ በምስክርነት ሰዓት ትቆማለህ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ፈረንጇንም ሳታስቀር።»

«እሺ።»

«እኔም አጠገብህ እቆማለሁ። ያን ደረሰኝ ለሰው ያሳየሁት እኔ ነኝና ማውረድም አለብኝ።»

እንግዳ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። እማማ እናትነሽ የተከፈተውን ቆርቆሮ ክዳኑን ገጠሙና ካርቶኑ ውስጥ፣ ከአሥራ አንዱ ጎን መለሱት። ካርቶኑንም ወደ እሱ ገፋ አደረጉት።

«ይዘኸው ሂድ» አሉት። «ቅዳሜ ሃያ ዶላሬን ይዤ እመጣለሁ። ወተቴን የምገዛው እኔ ነኝ።»

ካርቶኑን አቅፎ ደረጃውን ወረደ። የወተቱ ጣዕም አፉ ውስጥ ነበር። ስኳሩን አልቆጠቡበትም፤ ጣፋጭ ነበር። የሱቁን በር ሲከፍት ማልቀስ የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው።